አስራ ሁለተኛው መጋዘን

ባለፈው ሐምሌ ለሥራ ጅቡቲ ሄጄ ነበር። ከማዕከላዊ ገበያ ጀርባ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ሱቅ ገብቼ የስልክ ቻርጀር ስጠይቅ፣ ባለሱቁ ጀርባው እንደ ጆንያ የወጣ የድሮ ኮምፒውተር ለሌላ ደንበኛ ከፍቶ ያሳይ ነበር። ማሽኑ ሞቅ ሲል ሆዱ ውስጥ የከረመው አቧራ መቃጠል ጀመረ። የጅቡቲ አቧራ ሲቃጠል የሌላ አገር አቧራ አይመስልም፤ የባሕር ጨውና የጋለ ፕላስቲክ አንድ ላይ ይሸታል። ቻርጀሩን ሳልገዛ ወጣሁ። በረንዳ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። አጠገቤ ሙዝ የምትሸጥ ሶማሌ ሴት ፀሐይ የመታኝ መስሏት ውሃ ሰጠችኝ፤ እኔም ፀሐይ ነው ብዬ ጠጣሁላት።

ያ ሽታ የአባባ ኢድሪስ ነው። አስራ አንድ ዓመቴ በነበረበት ክረምት ከእሱ ጋር የተቀመጥኩበት ክፍል እንደዚያ ነበር የሚሸተው። ክረምት ስል ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ የጅቡቲ ክረምት ሐምሲን ነው፣ ከምዕራብ አሸዋ ተሸክሞ የሚመጣ የእሳት ነፋስ። መስኮት ይዘጋል፣ የበር ሥር በጨርቅ ይወተፋል፣ አሸዋው ግን እንደምንም ብሎ ሻይህ ውስጥ ይገባል።

አባባ ኢድሪስ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። ልጅ አልወለደም፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን የፊተኛዋን ክፍል ይዞ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። እናቴ የወሎ ሰው ስለሆነች አንቱ ትለዋለች። እኛ ግን የድሬዳዋ ሰዎች ነን፤ በእኛ ቤት አንቱታ ለእንግዳ ካልሆነ አይታወቅም፤ እኔም አንተ እያልኩት ነው ያደግሁት። ወደብ ውስጥ ለአንድ የትራንዚት ቢሮ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ የትኛው ኮንቴይነር ከየትኛው ሥር እንደተደረደረና በምን ቅደም ተከተል ቢነሳ ቶሎ እንደሚወጣ ማወቅ። የላይኛው ሳይነሳ የታችኛው አይወጣም፤ የታችኛውን የሚጠብቀው ሹፌር ደግሞ ከነተሳቢው ፀሐይ ላይ ቆሟል። የእኛ አገር ሹፌሮች ወረቀታቸውን ይዘው ግቢው ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት “ጋሽ ኢድሪስ ምን አለ?” ብለው ነበር። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ያስብና ይህን አንሱ፣ ያን ወደ ግራ አውርዱ፣ ይላል። ቢሮው ኮምፒውተር ካስገባ በኋላ እንኳ ኮምፒውተሩ የሚለውን ሰምተው እሱን ደግመው ይጠይቁት ነበር።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሲያጠልቅ ወደቀ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ እምቢ አሉት፤ አፉም ወደ አንድ ጎን ተሳበ። ሐኪሞቹ ደም ሥር ነው አሉ። ምክንያቱን የማውቀው ግን እኔ ብቻ መሰለኝ፤ እናታችን ሁልጊዜ ጆሯችሁን ሸፍኑ፣ ሐምሲን ይገባል እያለች ትጮህብን ስለነበር፣ ነፋሱ በቀኝ ጆሮው ገብቶ በዚያው በኩል ያለውን ሁሉ ያደረቀው መሰለኝ። ለብዙ ቀናት እሱ ሲተኛ ቀኝ ጆሮው ላይ ፎጣ አለብስ ነበር። ንግግሩም ተቀላቀለበት። እናቴን ውሃ የሚለምናት በሶማሊኛ ነበር፤ እኔን በፈረንሳይኛ “ፔቲት”፣ ትንሿ፣ ይለኛል፤ አማርኛው ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው ቀስ እያለ፣ እየተጎተተ የተመለሰው።

አሁን ስለ ድሬዳዋ ልናገር። በቤተሰባችን ልማድ ጅቡቲ ላይ የታመመ ሰው አየር እንዲቀይር ወደ ድሬ ይወሰዳል፣ ከዚራ ሰፈር ወዳለው የአክስቴ የዘይነባ ቤት። ጥላ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ወተት አለ ይባላል። አያቴ ሄደች፤ አልተመለሰችም። የአባቴ የአጎት ልጅ ሙሚን ሄደ፤ የእሱም ፎቶግራፍ ብቻ መጣ። ትልልቆቹ ሰዎች ይህን በሽታው አደረገው ይላሉ። እኔ ግን የሚገድለው ድሬ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። አባቴ በሐምሌ መጀመሪያ “ኢድሪስን ድሬ ብንወስደው” ሲል ስሰማ ቀጣዩ ፎቶግራፍ የእሱ መሰለኝ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ከተማ ሲገባ ጅቡቲ ባዶ ትሆናለች። አባቴ ከጎረቤት ወንዶች ጋር መብረዝ፣ የመቃሚያው ክፍል፣ ገብቶ ይቅማል፤ እናቴ ታናናሾቼን ይዛ ትተኛለች። አባባ ኢድሪስ ድሮ የመብረዙ ጨዋታ አድማቂ ነበር፤ አሁን ሐኪም ጫት ከልክሎታል፤ ሳይቅሙ ከቃሚ ጋር መቀመጥ ደግሞ ሠርግ ቤት ሄዶ እንደመጾም ነው። ስለዚህ እስከ አስር ሰዓት ድረስ በዚያ ቤት ነቅተን የምንውለው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ክፍሉ ውስጥ ከቢሮው ሲጣል እሱ ያመጣው አሮጌ ኮምፒውተር ነበረ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል የኮምፒውተር መምህራችን ለፈለገ ሁሉ በፍላሽ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ገልብጦ ሰጥቶን ነበር፤ ጨዋታ የሚሠራባት ፕሮግራም። ጡብ ትደረድራለህ፣ ሳጥን ታስቀምጣለህ፣ አንድ ትንሽ ሰውዬ ታቆማለህ፣ አለቀ።

ሕጉም ሰውዬው ሳጥን መግፋት እንጂ መጎተት አይችልም የሚል ነው። ሳጥኖቹን ሁሉ ቀይ ምልክት ላይ ካደረሳቸው አሸነፈ። ማዕዘን ውስጥ የተሸጎጠ ሳጥን ግን አለቀለት፤ እንደገና ከመጀመር በቀር መላ የለውም። የመጀመሪያዋን ጨዋታ ሠርቼ አጠገቡ ስጫወት አባባ ኢድሪስ ከትራሱ ቀና ብሎ ሲያይ ቆየ። ከዚያ በግራ እጁ ገፋ አደረገኝና ራሱን እየጎተተ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አራት የቀስት ቁልፎች ብቻ ናቸው፤ ለእነሱ ግራ እጅ በቂ ነው። በሦስት ደቂቃ ጨረሳት። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ በግማሽ አፉ።

“ሌላ መጋዘን አለሽ?” አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው መጋዘን ሆነ። እኔ ጠዋት ጠዋት እሠራለሁ፣ እሱ ከሰዓት ይፈታል። የእኔ አሠራር ዝርክርክ ነበር፤ ሳጥን እበትንና ይፈታ አይፈታ ሳላውቅ እሰጠዋለሁ። አራተኛዋ ላይ ተቆጣ። ጥሩ መጋዘን ሠሪ ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው አለኝ፤ ሳጥኖቹን መጀመሪያ መድረሻቸው ላይ አስቀምጪ፣ ከዚያ በሐሳብሽ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ጎትቺያቸው፣ በጎተትሽበት መንገድ ተመልሶ መገፋቱ አይቀርም። ወደብ ላይም መርከብ ሲጫን እንደዚያ ነው፣ መጨረሻ የሚወርደውን መጀመሪያ ታስቢያለሽ። “የገባ ሁሉ ይወጣል” አለ። “አልወጣ ካለ ወይ ያስገባው ሰው ተሳስቷል፣ ወይ የሚያስወጣው ሰው ደንዝዟል። ሦስተኛ ነገር የለም።”

መብራት በመጣ በሄደ ቁጥር የሠራሁት ይጠፋ ስለነበር በአሮጌ የጭነት ወረቀቶች ጀርባ ላይ መሳል ጀመርን። እሱም በግራ እጁ፣ እንደ ሕፃን በተንጋደደ መስመር፣ የራሱን መጋዘኖች እየሳለ ይሰጠኝ ነበር። ሰባተኛዋና ስምንተኛዋ የእሱ ናቸው። ስምንተኛዋ ላይ ሁለት ቀን ተሰቃይቼ ስፈታት “ይህቺ ልጅ ወደብ ትገዛለች” ብሎ ለእናቴ ነገራት። በዕድሜዬ ያን ያህል የኮራሁበት ቀን አላስታውስም። ጠቅላላ አስራ ሁለት መጋዘን እንዲሆኑ ተስማማን፤ ለምን አስራ ሁለት እንደሆነ አሁን አላውቅም። እሱም አስራ ሁለቱን ከጨረስኩ ጭንቅላቴ ደህና ነው፣ እግሬ ቢጎተትም ቁጭ ብዬ መሥራት እችላለሁ፣ ወደብ እመለሳለሁ ይል ነበር። ይህን በየቀኑ ይለው ነበር። እኔ ግን የአዋቂ ወሬ አድርጌ በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

አስረኛዋን የጨረሰ ዕለት አባቴ ከመብረዝ ሲመለስ አየው፤ ደስ አለው። በዚያው ቀን ማታ ገና ራት ሳይቀርብ አባቴ ለእናቴ ሲነግራት ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ሰማሁ። የጀመረውን ይጨርስ፣ ደስታውን አላቋርጥበትም፣ አስራ ሁለተኛዋን ሲጨርስ ግን ድሬ እወስደዋለሁ አለ። እናቴም ሁለት ብቻ ነው የቀሩት፣ ስንቃቸውን ላዘጋጅ አለች።

ከዚያ በላይ አልሰማሁም፤ ሮጬ ወጣሁ። ቆሜ ብሰማ ኖሮ ብዬ የማስበው ኋላ ነው።

አስራ አንደኛዋን በአንድ ከሰዓት ጨረሳት። አስራ ሁለተኛዋን ስሠራ እሱ እንዳስተማረኝ ከመጨረሻው ጀመርኩ። ስድስት ሳጥን፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ ሁለት ዙር። እስከዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ የምታምር ነበረች። ራሴ ተጫውቼ ፈታኋት። ከዚያ መተላለፊያዋ አጠገብ አንዲት ጡብ ጨመርኩ። አንዲት ብቻ። ከዚህ በኋላ ሰውዬው ከስድስተኛው ሳጥን ጀርባ የሚዞርበት ቦታ አጣ፤ አምስት ሳጥን ይገባል፣ ስድስተኛው መቼም አይገባም። ለዓይን ግን ምንም አይታወቅም። ካልጨረሰ አይሄድም፤ ካልሄደ አይሞትም። ሒሳቤ ይኸው ነበር፤ በጥንቃቄም ነው የሠራሁት።

የመጀመሪያውን ቀን እየሳቀ ዋለ። “ዛሬስ አገኘሽኝ” አለኝ። ሁለተኛው ቀን መሳቁን ትቶ በወረቀት መሳል ያዘ። ሦስተኛው ቀን ምሳ አልበላም። አራተኛው ቀን ሐምሲን በርትቶ ሰማዩ ቡናማ ሆኖ ሳለ፣ ከስክሪኑ ወደ እኔ ዞረ።

“ሐያት፣ ይህቺን አንቺ ፈትተሻታል?”

“አዎ” አልኩ።

“ወላሂ በይ።”

በእኛ ቤት ወላሂ ቀልድ አይደለም። ልጅ በከንቱ ከማለ ቁርኣን ቤት ተወስዶ ነው የሚመከረው። ጥቂት አሰብኩ። ፈትቻታለሁ እኮ፤ ጡቧን ሳልጨምር በፊት ፈትቻታለሁ። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩና “ወላሂ” አልኩ። እሱም ራሱን ነቀነቀና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው፤ ምክንያቱም ደስተኛ ነበርኩ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ “ጨረሰ?” ይላል፤ እናቴ “ገና ናቸው” ትላለች፤ እኔ ልቤ ይዘላል። አባባ ኢድሪስ ጢሙን መላጨት መተዉን አየሁ፤ ስለ ሙቀቱ ነው አልኩ። አንድ ቀን ደግሞ ወደ ሦስተኛዋ መጋዘን ተመልሶ፣ ያቺኑ በጨዋታ የፈታትን፣ ሳጥን ማዕዘን ውስጥ ሲሸጉጥ አየሁት። ደጋግሞ ሸጎጠ። ሆን ብሎ የሚጫወት መሰለኝ። ሰው በራሱ ላይ ጥርጣሬ ከገባበት የሚያውቀው ሁሉ ከእጁ እንደሚያመልጥ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ከየት ታውቃለች?

በዚያው ሳምንት ታደሰ የሚባል ሹፌር ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። የናዝሬት ሰው ነው፤ ከአባባ ኢድሪስ ጋር ከድሮ ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ትንሽ ከተጨዋወቱ በኋላ እንደወትሮው ችግሩን አነሳ። ኮንቴይነሩ ከሥር ሁለተኛው ላይ ነው፣ ከላዩ ሁለት አሉበት፣ በጎኑ ደግሞ የሌላ ድርጅት ጭነት ተደርድሯል፣ ቆሜ ሦስተኛ ቀኔ ነው አለ። አባባ ኢድሪስ ዓይኑን ጨፈነ። “የጎኑን ሳትነካ የላይኛውን ወደ…” ብሎ ጀመረ፤ ግራ እጁም በአየር ላይ እያሳየ ነበር። እኔም በልቤ ተከተልኩት፤ ትክክል እየሄደ ነበር። ከዚያ እጁ ቆመ። ዓይኑን ገለጠ።

“እኔን አትጠይቀኝ፣ ታደሰ” አለው። “አሳስትህና ሌላ ሦስት ቀን ትቆማለህ።”

ታደሰ ሊያግባባው ሞከረ፤ ጋሽ ኢድሪስ ተሳስተው አያውቁም አለ። አባባ ኢድሪስ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሹፌሩ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ጫማውን በር ላይ ሲያጠልቅ እናቴን በዝግታ “እንዲህ ሆነዋል እንዴ?” ብሎ ጠየቃት። እሷም በሩን ከፈተችለት።

በማግስቱ ከምሳ በፊት አባባ ኢድሪስ አባቴን አስጠራው። እኔ ጥግ ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ውጪ አላሉኝም።

“አብዲ፣ ድሬ ውሰደኝ” አለ።

አባቴ ተቀመጠ። ጨዋታህን አልጨረስክም፣ ምን ያስቸኩልሃል አለው።

“አላልቅ አለኝ። ልጅቷ ፈትታታለች፣ ምላልኛለች። እኔ አስር ቀን ተቀምጬ አልገባኝም። ሕፃን የሠራችውን መጋዘን ባዶ ማድረግ ያቃተው ሰው ወደብ ምን ያደርጋል?”

ያን ጊዜ ነው አባቴ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ቆሜ ብሰማ ኖሮ የምሰማውን፣ የተናገረው። ለአርባ ቀን ብቻ እኮ ነው አለ፤ ሐምሲኑ እስኪያልፍ፣ እግርህ እስኪፈታ። ቢሮው ጋ ሄጄ ተነጋግሬያለሁ፣ ጥቅምት ላይ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ እየሠራ ይግባ ብለውኛል፣ ወንበርህን ለሌላ አልሰጡም። ታላቅ ወንድሙ እስኪጨርስ የጠበቀው ይህን የምሥራች ለመጨረሻ አስቀምጦት ስለነበር ነው።

“ንገራቸው፣ አይጠብቁኝ” አለ አባባ ኢድሪስ። “ወንበሩን ለሚሠራ ይስጡት።”

ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። ከተቀመጥኩበት ጥግ አልተነሳሁም። በከንቱ መማሌን አባቴ ሲሰማ ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት፣ ከአባባ ኢድሪስ መሄድ በለጠብኝ። ልጅ ሆኜ ነው እላለሁ፤ ግን ያን ዕለት የፈራሁት ለእሱ ሳይሆን ለራሴ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ገና ሳይሞቅ የኪራይ መኪና በር ላይ ቆመ። እናቴ ትራስ አመቻቸችለት፣ ቀኝ እግሩን አባቴ ብድግ አድርጎ አስገባው። ጎረቤት ሁሉ ዱዓ እያደረገ ሲሸኝ በመስኮቱ በኩል ተጠጋሁና ነገርኩት። አጉል ጡብ ጨምሬባታለሁ፣ አትፈታም፣ ማንም አይፈታትም፣ እንዳትሄድ ብዬ ነው አልኩት። በጆሮው ነው የነገርኩት፤ በግራው።

አባባ ኢድሪስ ሰምቶኝ ሲያበቃ እጁን አውጥቶ ጉንጬን ያዘኝ። አልተቆጣም። ይህን ስናገር እንኳ እንዲቆጣ እመኛለሁ።

“ወላሂ ብለሽኛል እኮ” አለኝ። “አዛኝ ነሽ፣ የኔ ልጅ። ለእኔ ብለሽ ግን መሐላሽን አታፍርሺ።”

እውነቴን ነው አልኩት። ና ውረድ ላሳይህ አልኩት። አባቴ ኬላው ሳይጨናነቅ እንድረስ፣ ስንመለስ ታሳይዋለሽ አለኝና በሩን ዘጋ። መኪናው ወደ ቡላኦስ መንገድ ታጠፈ።

አርባው ቀን አለፈ፣ ጥቅምትም አለፈ። አባባ ኢድሪስ ድሬ ላይ እግሩ ተሻለው፤ በከዘራ እስከ መስጊድ ይሄድ ነበር አሉ። ነገር ግን ምንም ነገር ሲጠየቅ፣ በሩን በየት በኩል እንክፈተው ቢባል እንኳ፣ ልጆቹን ጠይቁ ይል ነበር። ጥር ላይ ተኝቶ ሳይነሳ ቀረ።

አክስቴ ዘይነባ ልብሱንና መነጽሩን ይዛ ጅቡቲ መጣች። ቤታችን ለተዕዚያ፣ ሊያጽናኑን፣ በመጡ ሴቶች ተሞልቶ ነበር። እኔ ለሴቶቹ ውሃ እያዞርኩ ሳለ አክስቴ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ኢድሪስ ይህቺን ልጅ ሳያነሳ የዋለበት ቀን የለም አለች። ደጃፍ ተቀምጦ ለሚያልፈው ሁሉ፣ ጅቡቲ የወንድሜ ልጅ አለች፣ ሠላሳ ዓመት ወደብ የሠራሁትን እኔን ያቃተኝን መጋዘን ሠርታለች፣ የእኔ ጭንቅላት ቢያልቅ ግድ የለም፣ የእሷ አለ ይል ነበር አለች። ሲሞትም እንደኮራ ነው አለች።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ማሻአላህ አሉ፤ አንዷም ራሴን ሳመችኝ። እናቴ እያለቀሰች ፈገግ አለችልኝ። እኔም የውሃውን ማንቆርቆሪያ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ምስጋናውን ተቀበልኩ።